ለሁለት ሰው የተቆረጠ ቲኬት

«እማማ፣ ወደ ባምበርግ የሚሄደው ባቡር ይሄ ነው?» አለቻት ሮዝቪታን ሻንጣ የምትጎትት ልጅ።

«ይሄው ነው። ቲኬት እንዳትገዢ! የኔ ለሁለት ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ብቻዬን ነኝ። የከተማው ካቴድራል ጋ ስትደርሺ ቅዳሴ ካልወጣ ለጎብኚ አይከፈትም። ገብተሽ አስቀድሺ፤ ብትጸልዪ አትሞቺም።»

ልጅቷ ሳቀች። ሮዝቪታ ሕጉን ታውቃለች፤ የተጓዦቹ ስም ሁሉ ቲኬቱ ላይ መጻፍ አለበት። የልጅቷን ስም ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አወጣችና ቲኬቱን ስታየው ሁለተኛው መስመር ተይዟል። አሁን ከቲኬት ማሽኑ እንደወጣ፣ በገዛ እጇ፣ ሳታስበው «ኤገን» ብላ ጽፋበታለች። ዕድሜዋን ሙሉ ለሁለት ስትገዛና እንደዚያ ስትጽፍ ኖራለች። ባሏን ከቀበረች ገና ሁለት ወሯ ነው።

«ልሰርዘውና የኔን ልጻፍበት?» አለች ልጅቷ።

«ተይው!» ብላ ጮኸች ሮዝቪታ። ወዲያው ደነገጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስም የተሰረዘበትን ተቆጣጣሪው አይቀበልም፣ ልጄ። ነይ፣ ያንቺን እኔ ልግዛልሽ።»

በቀኝ እጇ ማሽኑን እየነካካች፣ በግራዋ ቲኬቱን ከካፖርቷ አራቅ አድርጋ ያዘችው። የኤገን ስም ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።