ዘጠና ሰባት በመቶ ፍየል

የምርምር ጣቢያው ሌባ ገባበት። የሚሰረቀው ስንዴ ነው፤ ያውም ጥቂት ዛላ፣ ያውም ከአንድ መደብ ብቻ።

መደቡ የስንዴ ተመራማሪው ነው። ሰውየው ዋግ የሚሉት በሽታ የማይደፍረው ስንዴ አወጣለሁ ብሎ ዘር ከዘር ሲያዳቅል የራሱ ፀጉር አልቆ፣ የቀረችለት አገጩ ላይ ያለችው ጢም ብቻ ናት። አሁን ልፋቱ ሊሰምርለት ሲል፣ ለዘር ያሰበው ዛላ እየተቀነጠሰ ይጠፋ ጀመር። በዚህ ከቀጠለ ለሚቀጥለው ወቅት የሚዘራው አይኖረውም።

"ሌባው ስንዴ ያውቃል" አለ፣ ቡናማ ጋዋኑ ላይ የተጣበቀውን ገለባ እያራገፈ። "ለጋውን አይነካም። ልክ የደረሰውን እየመረጠ ነው የሚጨርሰኝ!"

ጥርጣሬው ሩቅ አልሄደም። ከመደቡ አጥር ወዲያ የእንስሳት ሐኪሟ በረት አለ፤ እዚያ ውስጥ አንዲት ቡናማ ፍየል በሰንሰለት ታስራ ትውላለች። ሐኪሟ ደግሞ የተመራማሪው ታናሽ እህት ናት። አሳድጎ አስተምሮ ለዚህ ያበቃት እሱ ነው፤ ይህንንም በቀን አንዴ ሳያስታውሳት አይውልም።

ፍየሏ ከጥቂት ወራት በፊት አጥንቷ የሚቆጠር፣ ሁሉም ተስፋ የቆረጠባት ነበረች። ሐኪሟ ራሷ የቀመመችውን መድኃኒት ጀመረችላት። ፍየሏ አገገመች፤ አልፋ ተርፋ ወፈረች። እንግዲህ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። በድብቅ ስንዴ ስትቀለብ ከርማ ካልሆነ።

"ያወፈራት ያንቺ መድኃኒት ሳይሆን የኔ ስንዴ ነው" አላት ወንድሟ፣ ምሳ ሰዓት ላይ።

"ጋሼ፣ እባክህ! በሰንሰለት ነው ያሰርኳት። ቁልፉም ይኸው ኪሴ ውስጥ።"

"ቁልፍ በኪሱ የያዘ ሰው መፍታትስ መች ያቅተዋል?"

ሐኪሟ ደሟ ፈላ። ቢሆንም ከቤት ሠርታ ያመጣችለትን ምሳ ወደሱ ገፋ አደረገችለት። ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ተወው። ሰሞኑን እንዲህ ነው፤ የስንዴው ነገር ካሳሰበው ወዲህ ምሳ አይበላም። ተናዳም ቢሆን አንጀቷን በላው።

የጣቢያው ዳይሬክተር የወንድምና እህቱ ጭቅጭቅ ሲሰለቻት የምስል ባለሙያውን ጠራችው። ይህ ሰው ከኮምፒውተሩ ጋር ተጋብቷል የሚባልለት ነው። መደቡ ዳር ካሜራ ሊተክል፣ ካሜራው የሚያየውን ደግሞ ራሱ በሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሊለይ ተስማማ።

"ሰብል በል የተባለውን ሁሉ አስጠንቼዋለሁ" አለ በኩራት። "ወፍ፣ አይጥ፣ ዝንጀሮ፣ ፍየል። አንድም አያመልጠውም።"

ተመራማሪው አፉ ውስጥ ያለውን ዋጥ አድርጎ ተቃወመ። "እኔ በመሣሪያ አላምንም። የእርጥበት መለኪያውን እንኳ ከተውኩት ቆይቻለሁ። ስንዴ መድረሱን የሚነግረኝ የገዛ ጥርሴ ነው።"

የሰማው የለም። ካሜራው ተተከለ። በማግስቱ የምስል ባለሙያው ኮምፒውተር ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ፦

"ፍየል፦ ዘጠና ሰባት በመቶ።"

በሦስተኛው ቀን እንደገና ያው ፍየል። ተመራማሪው በመሣሪያ ማመን ለመጀመር ከዚህ በላይ አላስፈለገውም።

"ድንቅ ነው!" አለ፣ መነፅሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ። "እንዲህ ዓይነት አስተዋይ መሣሪያ አይቼ አላውቅም!"

"ፎቶውስ የታለ?" አለች ሐኪሟ።

"ፎቶ ምን ያደርጋል?" አለ የምስል ባለሙያው ቅር ብሎት። "ፕሮግራሙ አይቶልናል እኮ። የኢንተርኔት መስመሩ እንዳይጨናነቅ መልሱን ብቻ ነው የሚልከው።"

ዳይሬክተሯ ወሰነች። ፍየሏ ዛሬውኑ ትሸጣለች። የመድኃኒቱም ምርምር ይዘጋል፤ ምክንያቱም ስንዴ ሰርቃ የወፈረች ፍየል ለምንም ነገር ምስክር አትሆንም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ዳይሬክተሯ ቢሮ ተሰበሰቡ። የፍየል ነጋዴው ገመዱን ይዞ ደጅ ቆሟል። ሐኪሟ እንባዋን መያዝ አቃታት። ይህን ሁሉ ጊዜ የለፋችበት ነገር በአንድ መስመር ጽሑፍ ገደል ሊገባ ነው። ያላመናት ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ ጋሼ ነው። የከነከናትም ይኸው ነበር።

"አይዞሽ" አላት ወንድሟ፣ ጢሙን እያሻሸ። እውነትም አሳዝናው ነበር። "ሌላ ፍየል እንፈልጋለን። ጨዋ ፍየል።"

"ፎቶውን ሳላይ ፍየሏ ንቅንቅ አትልም!" ብላ ቁልፉን ጨበጠች። "ስትበላ በዓይኔ ካየሁ እኔው ራሴ ጎትቼ ለነጋዴው እሰጣታለሁ።"

ዳይሬክተሯ ለምስል ባለሙያው አሳየን የሚል ምልክት ሰጠችው። እሱም እያጉረመረመ ፎቶውን ከካሜራው ጠራው። መስመሩ ደካማ ስለሆነ ምስሉ ብዥ እንዳለ መጣና ቀስ በቀስ ይጠራ ጀመር።

መጀመሪያ አንድ ቡናማ ነገር ታየ፤ ስንዴው መሃል አጎንብሷል።

"ይኸው!" አለ ተመራማሪው።

ቀጥሎ ጢም ታየ። ከዚያ የሚያላምጥ አፍ፤ ከአፉ ዳር የስንዴ ዛላ ተንጠልጥሏል።

"እሷው ናት! አላልኳችሁም?"

ሐኪሟ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ነጋዴው በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ። ዳይሬክተሯ ግን ስክሪኑን ጠጋ ብላ አየች፤ ቀና ብላ ተመራማሪውን አየች፤ እንደገና ስክሪኑን አየች።

ፍየሏ መነፅር አድርጋለች።