ስልኩ የማይጠብቀው ሰላምታ

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ እትዬ ወርቅአየሁ ጆሮ ላይ ተዘጋ።

አበረ ወረቀቱ ላይ ይጭራል። ከባህር ዳር የመጣ ተመራማሪ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር ለገበሬ በአገውኛ የሚያወራ የስልክ መስመር ሠርተው፣ ሰው ይችለው እንደሆነ አዲስ ቅዳም ከተማ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ይሞክራሉ። እሱ አገውኛ ስለማይችል እኔን ለማስተርጎም ይዞኛል። ትምህርቱን ከሰባተኛ ባቋርጥም ምላሴ አላቋረጠም።

"ማገዝ ክልክል ነው" ብሎኛል። ዝም ማለት እንዴት እንደሚያሳክክ እሱ ምን ያውቃል!

የእትዬ ወርቅአየሁ ድንች ቅጠሉ እየጠቆረ ነው፤ ቶሎ ካልተረጨ ማሳው በሙሉ ይበሰብሳል። መስመሩ መድኃኒቱን የሚናገረው ቁጥር ሁለት ሲጫኑ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ሙከራውን ከወደቀ ደግሞ መስመሩ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።

"የመጨረሻ ሙከራ" ይላል አበረ።

ከስልኩ አንዲት ሴት በተቀዳ ድምፅ በአገውኛ እንዴት አደራችሁ ትላለች። እትዬ ወርቅአየሁ ነጠላቸውን አስተካክለው ይመልሳሉ። ቤተሰቧን ይጠይቃሉ፣ ከብቱን፣ ዝናቡን። ሴትዮዋ "ለድንች ሁለትን ይጫኑ" ስትል እሳቸው ገና ልጆቿ ጋ ናቸው። ስልኩ ተዘጋ።

አበረ "አልቻሉም" ብሎ ይጽፋል። "ግራ ገባቸው አይደል?"

"ኧረ ሰላምታ እየመለሱ ነው!"

"ማሽን መሆኑን ነግሬያቸው የለ?"

እተረጉምላቸዋለሁ። ይስቃሉ። "ማሽን መሆኑንማ አውቃለሁ። በቋንቋዬ እንዴት አደራችሁ ያለኝን ግን ምን ልበለው? ሳልመልስ ሆዱን ልጫነው?"

ይህችን ከራሴ ጨመርኩ፦ "ጋሼ አበረ፣ የወደቀው እኮ ስልክዎ ነው።"

እስክሪብቶውን ይነክሳል። ከዚያ የጻፈውን ሰርዞ "ስልኩ አይጠብቃቸውም" ብሎ ይጽፋል። መልሶ ደውሎ ሁለትን ራሱ ተጭኖ የመድኃኒቱን ስም ያሰማቸዋል፤ እንዳይረሱት ሦስቴ ይደግሙታል።

ቀጥሎ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ያደርጋል። "እስቲ እኔን ሰላም ይበሉኝ። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ልያዝ።"

ይጀምራሉ፤ እኔ መሃል ሆኜ አቀብላለሁ። አዳሩን። መንገዱን። ሚስቱን።

"ሚስት የለኝም።"

"እንግዲያ እናትህስ? ደኅና ናት?"

አበረ ሰዓቱን ማየት ይተዋል።

"እናቴ" ይላል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ትንሽ አሟታል።"