የጨመዳ ማንሻ

የበደለኝ ሰው ስሙ ኤባ ይባላል። በያጅ ነው፤ ነቀምቴ ውስጥ ከባጃጅ ተራው ጀርባ ይሠራል። ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት ቱምቢውን ምሰሶዬ ላይ አንጠልጥሎ ቁልቁል አየና፣ «አዴ ቀለሟ፣ ቤትዎ ጠማማ ነው» አለኝ።

አርባ ዓመት የኖርኩበትን ቤት! እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስድብ ግን በአማርኛም በኦሮምኛም አይጠፋኝም።

የጠራሁት ለባሌ ለጨመዳ ብዬ ነበር። ጨመዳ ወገቡ ከተያዘ ወዲህ በራሱ አይነሣም። እኔና የልጅ ልጃችን ቦንቱ ስናነሣው ከርመን የእኔም ወገብ እምቢ አለ። እሑድ ጧት ደግሞ ቦንቱን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከኑኑ ቁምባ ሊመጡ ነው። በጨመዳ ዘር ልጅ የሚሰጥ ሰው ቢያንስ ተቀምጦ ይመርቃል። ተኝቶ የሰጠ እንደሆነ፣ «የጣላትን ነው የሰጠን» እያሉ ልጅቱን ዕድሜ ልኳን ይተርቱባታል።

ኤባ ማንሻውን በሁለት ቀን ሠራው። ከአልጋው ራስጌ ባለው ምሰሶ ላይ ጥርስ የወጣለት ረጅም ብረት አቆመ። ከአናቱ ላይ የመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር አሰረ። ሞተሩ ብረቱን ሲያዞረው ብረቱ ላይ የተሰካው ዳዶ በጥርሱ ላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ የታሰረበትን የሽቦ ገመድ፣ ካቦውን፣ ይጎትታል። ካቦው ጣሪያ ላይ በካሩኮላ፣ በትንሽ መንኮራኩር፣ ዞሮ የአልጋውን ራስጌ ከነጨመዳ ያነሣል።

ጨመዳ ሳያቃስት ተነሣ። በመስኮት መንገዱን አየና፣ «ገለቶሚ፣ ኤባ» ብሎ አመሰገነ።

የእኔ ዓይን ግን ሌላ ቦታ ነበር። ብረቱን ከታች ምሰሶው ላይ የያዙት ሁለት ብሎኖች በጣት ይዞራሉ። ብረቱም ሊወልቅ እንደደረሰ የሕፃን ጥርስ ይወዛወዛል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እሱን ይተዉት፣ አዴ። ይተንፍስበት።»

ብረት ደግሞ ሊተነፍስ! እንደወጣ በሟች ልጄ መፍቻ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። በእኔ ቤት የላላ ነገር አያድርም።

በማግስቱ ማንሻው አጉረመረመና ቆመ። ኤባ መጣ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ጥቂት ጎረጎረ፤ ጨመዳም ተነሣ። ሲወጣ ባይ ብሎኖቹ እንደገና ላልተዋል። አጠበቅሁ። ዓርብ ደግሞ ቆመ። ኤባ መጣ፣ ጎረጎረ፣ ሄደ። ብሎኖቹ ላልተዋል።

ለጎረቤቴ ለድርቤ ነገርኳት። ሳቀች።

«ረሳሽው እንዴ? አምና ኤባ ቦንቱን ሊያስጠይቅ ሰው ቢልክ በውሻ አላስባረርሽበትም?»

«በውሻ አይደለም። በምላሴ ነው።»

«ያው ነው» አለች ድርቤ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሰውየው እሑድን ነው የሚጠብቀው። ጨመዳን በሽማግሌዎቹ ፊት መሀል ላይ አንጠልጥሎ ሊያዋርደን።

ቅዳሜ ከሰዓት ማንሻው ጨመዳን ግማሽ ድረስ አንሥቶ ቀጥ አለ። ወደ ላይም የለ፣ ወደ ታችም የለ። ቦንቱ ደወለች፤ ኤባ እየሮጠ ደረሰ። ዛሬ ግን ዓይኔን ከእጁ አልነቀልኩም። ጎንበስ ብዬ በክንዱ ሥር አየሁ። መፍቻውን ብሎኑ ላይ አድርጎ ወደ ግራ እያዞረ ነው።

«ያዝኩህ!»

«አዴ ቀለሟ፣ እስቲ ይስሙኝ…»

«አልሰማህም! ባሌን ልትጥልብኝ ነው?»

«ልጥላቸው ብፈልግ ላነሣቸው ለምን እሮጣለሁ?»

«ለቦንቱ ነዋ!»

ፊቱ ልውጥ አለ። ቦንቱ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ከጀመርኩ አላቋርጥም፤ እስከ ደጅ ድረስ እየገፈታተርኩ ሸኘሁት። ባጃጅ ነጂዎቹ ሞተር አጥፍተው ሰሙ።

«ይህ ሰው በር የሠራላችሁ ሁሉ፣» አልኩ፣ «ዛሬውኑ ሂዱና ብሎናችሁን ቁጠሩ!»

ኤባ ድምፁን እንኳ አላነሣም። «ቤትዎ ጠማማ ነው አልኩ እንጂ እርስዎን አላልኩም» ብሎኝ ሄደ። ዐሥር ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግቶ፣ ሚኒባስ ይዞ ወደ አኖ ወረደ አሉ። ጥሩ! ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ነው።

ካቦውን ነቅለን ጨመዳን በእጃችን አወረድነው። ከዚያ ሁለቱን ብሎኖች ክንዴ እስኪዝል አጠበቅሁ። ከእንግዲህ የሚያላላ የለም። ካቦውን መልሰን ቦንቱን፣ «በይ ማብሪያውን ጫኚው» አልኳት።

ሞተሩ ጮኸ። ብረቱ ከወገቡ ጎበጥ አለ። ዳዶው ንቅንቅ አላለም። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ።

«አጥፊው! አጥፊው!»

«አኮ፣» አለች፣ ስትለማመጠኝ አያቴ ለማለት እንደምትጠራኝ፣ «ለኤባ ልደውልለት?»

«እኔ ሳልሞት!»

ጨመዳ ከተኛበት ምሰሶውን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«ተውት» አለ። «ተኝቼ እመርቃታለሁ።»

ቦንቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ወንበር ስቤ ከምሰሶው ፊት ለፊት ተቀመጥኩና፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ቀጥ ያለው ብረት ከዘመመው ምሰሶ ጋር አብሮ እንደጎበጠ ሳይ አመሸሁ።

በማግስቱ ጧት፣ ሽማግሌዎቹ ከመኪና ሳይወርዱ፣ ሁለቱን ብሎኖች በጣት እስኪዞሩ ድረስ በገዛ እጄ አላላኋቸውና ማብሪያውን ጫንኩ፤ ጨመዳ ተነሣ።