የደሴ ድርሻ

ታጠቅ ከጎጃም ወደ ሽንፋ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ የቀን ሠራተኛ ነው። ሳንባውን ፈንገስ ይዞታል። አንድ መድኃኒት ብቻውን ስላላሻለው ሐኪሙ ሌላ ዓይነት ጨመረበት፤ ጠዋት ጠዋት ሁለቱን ፍሬ የምሰጠው እኔ ነርሷ ነኝ። በአራተኛው ቀን አንዱን ፍሬ አጠገቡ ካለው ባዶ አልጋ ትራስ ሥር ሲያስቀምጥ ያዝሁት።

«የደሴ ድርሻ ነው» አለኝ። «ካገር ስንወጣ የምናገኘውን ሁሉ እኩል ልንካፈል ተማምለናል።»

አብሮት የወረደው ደሴ በዚሁ ሕመም፣ እዚያው አልጋ ላይ ከሞተ ሳምንቱ ነው።

«ሁለቱን አብረህ ካልዋጥህ ትከተለዋለህ» አልሁት።

«ሲስተር፣ እሱኮ ሳሉ ቀንሶለታል።»

ትራሱን አነሳሁት። በየቀኑ አንድ ካስቀመጠ አራት ፍሬ መኖር ነበረበት፤ ያገኘሁት የዛሬውን ብቻ ነው። እሱንም ፊቴ አስዋጥሁት።

በማግሥቱ ሁለቱንም ያለ ክርክር ዋጠ። አፉን አስከፍቼ አየሁ፤ ምንም የለም። ከንፈሩን ገጥሞ ሲያየኝ፣ ከባዶው አልጋ ሳል ተሰማ። ረጅም፣ አክታ ያነቀው ሳል ነው። አላቆመም።

አንዱ መድኃኒት ብቻውን እንደማይሠራ አውቃለሁ። ከመድኃኒት ሣጥኑ ከሁለቱም ዓይነት አንዳንድ ፍሬ አውጥቼ ባዶው አልጋ ትራስ ሥር አስቀመጥሁ።