የጸበሉ ሳምንት

ባሏና የባሏ ወንድም፣ ልጇ ሚኪያስ የትኛው የግል ዩኒቨርሲቲ ይግባ በሚል መሟገት ከጀመሩ ሰንብተዋል።

«ውዱ ይሻላል። ከባለሥልጣን ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ራሱ ዲግሪ ነው» ይላል ባሏ።

«በግማሽ ዋጋ ደህና አስተማሪ እያለ፣ ለስም መክፈል ምን የሚሉት ነው?» ይላል ወንድሙ።

እሷ አፏን ስትከፍት ግን ሁለቱም ይስማማሉ፤ «ማትሪክ የወደቀች ሴት ስለ ዩኒቨርሲቲ ምን ታውቃለች?»

ዛሬ የማትሪክ ውጤት ወጣ። ሚኪያስ ስልኩን አይቶ አንገቱን ደፋ። ወድቋል።

«ምነው ዝም አላችሁ? ቀጥሉ እንጂ!» አለች፣ የራሷን ስልክ ፊታቸው አስቀምጣ። «ጸበል ብዬ የሄድኩባት ሳምንት ፈተና ላይ ነበርኩ። በልጄ መጽሐፍ አጥንቼ አልፌያለሁ። በሉ ንገሩኝ፤ ለእኔ የትኛው ይሻላል?»