የሻምበል ጭፈራ

ሻምበል ሁለተኛውን እፍኝ ከፍቃዱ መዳፍ ላይ ልሶ ጨረሰና፣ የቀረ እንዳለ ብሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ አሸተተ። ቡናውን በደረቁ ቢሰጡት ውሻው ዞር ብሎም አያየውም ነበር። ፍቃዱ ነው ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ በለጋ ቅቤ ያሸለት። ቅቤ ደግሞ ሻምበል ከዓመት ዓመት በጠረኑ ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው።

መጀመሪያ የታሰበችው ፍየል ነበረች። ከአዲስ አበባ የመጣችው ሃሌሉያ፣ ድሮ ቡና በልተው ጨፈሩ የሚባሉትን ፍየሎች ዓይነት በስልኳ ቀርጻ ለተከታዮቿ ማሳየት አማራት። የጎረቤት ፍየል ተጎትታ መጣች፤ አንዴ አሸተተችና ፊቷን አዙራ ሄደች። እዚያ ከተሰበሰቡት ሁሉ ብልህ እሷ ነበረች።

«ታዲያ ውሻህስ?» አለች ሃሌሉያ። «ፍቄ፣ አንድ ቪዲዮ እኮ ነው። ስምህንና ስልክ ቁጥርህን ከሥሩ እጽፍልሃለሁ።»

ፍቃዱ የማንኪራን የቡና ጫካ ለእንግዳ እያሳየ የሚኖር ሰው ነው። ዘንድሮ ግን እንግዳ የሚባል ዝር አላለም፤ ሚስቱም ቦንጋ ወርደህ የቀን ሥራ ፈልግ ማለት ጀምራለች። እሺ አለ። ሳያውቅ እሺ ብሎ ቢሆን ምንኛ ደግ ነበር! አምና የጎረቤቱ የለገሰ ውሻ ለድግስ በቅቤ የተቆላ ቡና ሰርቃ በልታ፣ ስትንፈራገጥ ውላ ሳይመሽ ስትሞት አይቷል። የቀበራት እሱ ራሱ ነው። «ያቺ እኮ ብዙ በልታ ነው» አለ በሆዱ፣ ሁለተኛውን እፍኝ እየዘገነ።

እንግዳ ሁሉ ሊያየው የሚመጣው ትልቁ የቡና ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። ሃሌሉያ ፀጉሯን አስተካከለች። ሾፌሩ ሙዝደሊፋ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ አብሯቸው በእግሩ መጥቶ ነበርና ሸንኮራ ይልጥ ጀመር።

ከቆይታ በኋላ የውሻው ጆሮ ቆመ። ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ። ከዚያ ማንም ሳይነካው ብድግ ብሎ ዛፉን ይዞር ጀመር፤ አየሩን እየነከሰ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ የኋላ እግሮቹን እያንቀጠቀጠ ይነሳል።

«ኧረ ጨፈረ! ወይኔ አምላኬ፣ ጨፈረ እኮ!» ሃሌሉያ በሳቅ ፈረሰች። ሙዝደሊፋም ሳቀ። ፍቃዱም ሳቀ፤ እንግዳ ሲስቅ መሳቅ ሥራው ነው።

ሳቁን ቀድሞ ያቆመው ሙዝደሊፋ ነበር። «ይሄ ጭፈራ አይደለም ወላሂ። ጎኑን እየው፣ ልቡ ቆዳውን ሊቀድ ነው።»

«አመመው እንዴ?» ሃሌሉያ ስልኳን ዝቅ አደረገች። እውነትም ደንግጣ ነበር። አንዲት ቃል ከፍቃዱ አፍ ብትወጣ እዚያው ይቀር ነበር።

«ኧረ ምንም አይሆንም» አለ ፍቃዱ። «ለምዶታል። እርስዎ አይስጉ።»

ሻምበል እየተንገዳገደ የኮረሪማ ተክል ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። ሃሌሉያ የቀረጸችውን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። «ዛፉ አልገባም። ጅራት ብቻ! ፍቄ፣ አንዴ ይደገም፣ በእናትህ።»

«ፍቃዱ፣ ተው» አለ ሙዝደሊፋ።

ፍቃዱ የኮባው ቅጠል ላይ የተረፈውን ቡና አየ። አንድ እፍኝ ይሆናል። በቆሎ ሲጠብቅ ስንት ክረምት ከዚህ ውሻ ጋር አንድ ማማ ሥር አድሯል፤ ከርከሮ ሲመጣ ቀድሞ የሚወጣው ሻምበል ነበር። አፈረ። አፍሮም አፏጨ። ምነው ባልሰማኝ ብሎ እየተመኘ ነው ያፏጨው፣ ግን ደግሞ እንዲሰማ አድርጎ ነው ያፏጨው።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ። ሻምበል የሚጮኽበት አቅም አልነበረውም። ቅጠሉ ተንቀሳቀሰና አፉ አረፋ ደፍቆ፣ የኋላ እግሩን እየጎተተ መጣ። ሙዝደሊፋ ሸንኮራውን ጥሎ ወደ መኪናው መንገድ ጀመረ።

«ጎበዝ! ዛፉ ጋ፣ ዛፉ ጋ» አለች ሃሌሉያ። «ጀምሬያለሁ።»

ፍቃዱ የተረፈውን ጠርጎ መዳፉን ዘረጋ። ሻምበል መጀመሪያ ምግቡን አልነካም። ቡችላ ሳለ እንደሚያደርገው አገጩን የጌታው እጅ አንጓ ላይ አሳረፈ፤ መንጋጋው እየተንቀጠቀጠ ክንዱን ላሰው። ከዚያ ጅራቱን እየቆላ መብላት ጀመረ።