ሳይበሉማ አይወጡም

እጩዎች በአካል ሳይሆን እንደ ሰው በሚያይና በሚናገር የብርሃን ምስል ሆነው ያልወሰነ መራጭ ቤት ገብተው፣ እስኪወስን ድረስ አብረውት ይቀመጡ የሚል ሕግ ከወጣ ስድስት ወር ሆነው። ፓርቲያችን ለፕሬዚዳንትነት ማንን ያቅርብ በሚለው ላይ ሰፈሩ ሁሉ ወስኖ አርፏል። እኔ ግን ሳልወስን ይኸው ከሦስቱ እጩዎች ጋር አለሁ።

ኢንጂነሩ ስለ መንገድ ያወራኛል። ዶክተሯ ጨው ባነሳሁ ቁጥር ትቆጣኛለች። አስተማሪው ልሳነወርቅ ደግሞ ገበጣ ያጫውተኛል፤ ምስል ስለሆነ ጠጠሩን የምዘራለት እኔ ነኝ። ሳጭበረብር አይቶ እንዳላየ ያልፈኛል።

ዛሬ ከምርጫ ቢሮ አንዲት ወጣት መጣች።

«እማማ፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ማንን ልመዝግብ?»

«እኔን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ!» አለ ልሳነወርቅ።

«ብመርጥህ እዚህ ትቀራለህ?»

አቀረቀረ። «ያሸነፈም የተሸነፈም ይወጣል።»

ጓዳ ገባሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አቧራ ለብሰው ከከረሙት ሳህኖች ሦስቱን አጥቤ፣ ምሳ ሞልቼ በየፊታቸው አስቀመጥኩ።

«እንግዳ ጦሙን ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም» አልኳት ልጅቱን። «እነዚህ በልተው ሲጨርሱ እወስናለሁ።»

ልሳነወርቅ ሳህኑን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«እኔ እንኳ» አላት፣ «ስበላ በጣም ቀርፋፋ ነኝ።»